በሬው እንዳይበር!
ማንኩሳ ሲባል «ፍቅር እስከ መቃብር» ትዝ የማይለው ማን አለ? እኔን የገረመኝ ግን የዛሬዎቹ ልጆቿ ወሬ ነው። ወሬው ሁሉ አውሮፕላን! አንዷ አባቷ በሬ ሸጠውላት ዱባይ ልትሄድ ነው። ከባሕር ዳር ቦሌ በአንድ ትኬት፣ ከቦሌ ዱባይ ደግሞ በሌላ አየር መንገድ፤ «ረከሰልኝ» ብላ።

እናንተዬ፣ ተጠንቀቁ! ጉዞው በአንድ ትኬት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያመቻቸው አየር መንገዱ ነው። ትኬቱ ለየብቻ ከሆነ ግን ኪሳራው የራስ ነው፤ በረራው ካመለጠ በሬውም አብሮ በረረ ማለት ነው! ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን በመኪና የምታቋርጡ ደግሞ ከዋዜማው ባሕር ዳር እደሩ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው በተመረቀው የቦሌ ተርሚናል ያለው «ክላውድ ናይን» ላውንጅ በዋናነት የቢዝነስ ክላስ ተጓዦች ነው። ለእኛ ወንበሩ አለልን፤ ዳቦ ቆሏችሁን ቋጥሩ!