የተውኩት ስም

ለሰው ስም የሚያወጡለት ወላጆቹ ናቸው። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሰው ራሱን በራሱ ይሰይማል፤ ይህንንም «የተጠቃሚ ስም» ይሉታል። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በስልኬ ላይ መልእክት መለዋወጫ ስከፍት ስሜን ከአባቴ ስም ጋር በላቲን ፊደል ጻፍኩ። «ይህ ስም ተይዟል» የሚል መልስ መጣ። በክፍላችን ውስጥ እንኳ በስምም በአባት ስምም የሚገጥመኝ ልጅ ስላለ አልተደነቅሁም። ትምህርት ቤቱ እኛን የሚለየን በአያት ስም ነው፤ መሣሪያው ግን አያት አይጠይቅም፤ አንድን ስም ለሁለት ሰው አይሰጥም። ስለዚህ የተወለድኩበትን ዓመት ከጫፉ ላይ ቀጠልኩና ተቀበለኝ። ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው ታላቅ እኅቴም ያንን ስም በደብተርዋ ላይ ጻፈችው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ቁጥር ያለበት ስም የልጅ መሰለኝ። (ጓደኞቼም ይስቁብኝ ነበር፤ እነርሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።) ስሙን ትቼ «ጥቁር አንበሳ» የሚል አወጣሁ፤ እርሱም ተይዞ ስለ ነበር አንዱን ፊደል ደገምኩት። የቀድሞው መልእክቴ ሁሉ እንደ ነበረ ስለ ቆየ ምንም የጎደለ አልመሰለኝም።

ውድ አንባቢ፣ ያላወቅሁት ነገር ይህ ነው። ኮምፒዩተር በውስጡ ሰውን የሚለየው ብዙ ጊዜ በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 መሠራት በጀመረው «ዩኒክስ» በሚባለው ሥርዐት የበላይ አዛዡ «ሩት» ይባላል፤ ለመሣሪያው ግን እርሱ 0 ቁጥር ነው። ስም በሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀል ሰሌዳ ነው። ባለሱቁ አውርዶ ቢጥለው ሌላው አንሥቶ በራሱ በር ላይ ሊሰቅለው ይችላል። የእኔንም ሰሌዳ አንድ የማላውቀው ሰው አነሣው።

ባለፈው ዓመት የእኅቴ ስልክ ተሰበረ። አዲስ ገዝታ ያንን አሮጌ ስም ከደብተርዋ አውጥታ ፈለገችና፣ «እኔ ነኝ እኅትህ፤ ለእማዬ ዓይን ማሳከሚያ የሚሆነውን ገንዘብ በየትኛው ባንክ ልላክ?» ብላ ጻፈች። ሰውየው «የጓደኛዬ ሒሳብ ነው» ብሎ ቁጥር ሰጣት። የሁለት ወር ደመወዝዋን ላከች።

ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ።

«ገንዘቡ ደረሰህ ወይ?»

«የምን ገንዘብ፣ እትዬ?»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። አልተቆጣችኝም፤ ስታለቅስ እንደ ነበረ ግን ከድምፅዋ ዐውቄአለሁ። ዛሬ ገንዘብ ከመላክዋ በፊት የሞተው ውሻችን ማን ይባል እንደ ነበር ትጠይቀኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ።

የእናቴ ሕክምና እስከ ጥቅምት ድረስ ዘገየ። «ወረፋ ስለ በዛ ነው» ብዬ ነበር የነገርኳት። ይህን መጽሔት አባቴ በየዓመቱ ጮክ ብሎ እንደሚያነብላት ስለማውቅ፣ በቃሌ መናገር ያቃተኝን እዚህ ላይ ጻፍኩት።