የአንኮበሯ ትንሽ ወፍ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ አንኮበር ይደርሳሉ። ልጆችዎን ይዘው ከሄዱ ስለ ነገሥታቱ መናገሻ ማውራትዎ አይቀርም። ዛሬ የማነሣልዎ ግን ሌላ ነው። በገደሉ አፋፍ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ ፊት በሚገርፍበት ሥፍራ፣ በአጭሩ ሣር መካከል ፍሬ የምትለቅም አፈር የመሰለች ወፍ አለች።

ምኗ ይታያል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቡናማ ናት፤ ከአንድ ስንዝርም ታንሳለች። ከሩቅ አገር የመጡ የወፍ ተመልካቾች እንኳ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽራቸውን እያነሡ «ይህችኛዋ ናት ወይስ ዘመዷ?» ሲባባሉ ይውላሉ። ዘመዶቿን እርስዎም ያውቋቸዋል፤ አዲስ አበባ በግቢዎ አጥር ላይ የሚያርፉት ናቸው። መንታ የወለደች እናት ልጆቿን በአረማመዳቸው እንደምትለይ ሁሉ፣ እዚህም ጥቃቅን ነገር ማየት ያስፈልጋል። የከተማዋ ዘመዷ ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ ያለ ነጭ መስመር አላት፤ መንቆሯም ወፈር ይላል። የአንኮበሯ ግን ጎልቶ የሚታይ ቅንድብ የላትም፤ መንቆሯ ቀጠን ያለና ሹል ነው፤ ራሷ ዝንጉርጉር ነው። ብዙውን ጊዜም በመንጋ ትሄዳለች።

ይህ መመሳሰል ቀላል ነገር አይደለም። ወፏን ለሳይንስ ያስተዋወቋት በአገራችን ለዓመታት ወፎችን ያጠኑት ጆን አሽ ሲሆኑ፣ ያገኟት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገና በ1976 ነው። ገበሬው ጥንትም ያያት ነበር እኮ! ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ከአንኮበር አካባቢ በቀር አትታወቅም ነበር፤ በሰሜን ተራሮች የተገኘችው በ1990ዎቹ ነው። ለመጥፋት ከተጋለጡት ወፎች ተቆጥራ ታውቃለች። እርሻው ወደ አፋፉ ሲጠጋ፣ ባሕር ዛፍም ሲተከል፣ የምትለቅምበት ሣር ይጠብባል። ቆጣሪው ዘመዷን እርሷ ናት ብሎ ከመዘገበ ደግሞ፣ እያነሰች ሳለ የበዛች ትመስላለች።

ለማየት ካሰቡ በማለዳ ይድረሱ። ለልጆች ጋቢና ቆሎ ይያዙ፤ ከአፋፉም ራቅ ብለው ያስቀምጧቸው። መንጋው ከሣሩ ሲነሣ አይከተሉት። ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ስታርፍ መጀመሪያ ቅንድቧን ይዩ።