በጊሳሎ ዳገት የምትታየው ብስክሌት

በሰሜን ኢጣሊያ ከኮሞ ሐይቅ ዳር ተነሥታችሁ ጠመዝማዛውን ዳገት ብትወጡ፣ ከባሕር ወለል በላይ 754 ሜትር ከፍታ ላይ ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ። ማዶና ዴል ጊሳሎ ትባላለች። በ1949 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ የጊሳሎዋን እመቤት የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋል። በግድግዳዋ ላይ የእነኮፒና የእነባርታሊ ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጠገቧ የብስክሌት ሙዚየም ተከፍቷል።

እኛን ሴቶችን ይበልጥ የሚመለከተን ግን በጊሳሎ የምትታየው የአልፎንሲና ስትራዳ ብስክሌት ናት። አልፎንሲና በ1924 እ.ኤ.አ. ከ3,600 ኪሎ ሜትር በላይ በነበረው የኢጣሊያ ዙር ውድድር ከወንዶች ጋር የተሰለፈች ብቸኛ ሴት ነበረች። በመንገድ ላይ የብስክሌቷ መሪ ቢሰበር በመጥረጊያ እንጨት ጠግና ቀጠለች። ሰዓት አሳልፋ በመግባቷ ከውጤት ብትሰረዝም ውድድሩን እስከ መጨረሻው ነዳች። ከ90 ተወዳዳሪዎች ውጤት ይዘው የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ።

«አሮጌ ብረት መጠበቅ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። ስሟ ከውጤት መዝገብ ቢጎድልም ብስክሌቷ ትመሰክርላታለች። እናንተም በቤታችሁ የቀድሞ ተወዳዳሪ ብስክሌት ቢኖር ቀለሙን አታድሱ፤ ጭረቱም ታሪክ ነው። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት፤ ጎማው እንዳይጨፈለቅ ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ የማን እንደነበረና የት እንደተወዳደረበት ጽፋችሁ አያይዙበት። ታሪኩ ያልተጻፈለት ዕቃ መጨረሻው ቁራሌው ዘንድ ነውና።