የሊማሊሞ ትንፋሽ

የተወለድሁት ድብ ባሕር ነው። ስሙ ባሕር ይባል እንጂ ከሊማሊሞ ሥር ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ የለም። ባለፈው ጥር ጎርጎራ ላይ አዲስ የሞተር ጀልባ ላሰናዳ ስነሣ የሚስቴ ወንድም ሣቀብኝ። ከልቡ ግን አልነበረም፤ ለጀልባው መግዣ ጥማድ በሬውን ሸጦ አዋጥቷል።

ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተሩን ከኋላ ገጠምነው። ቤንዚኑን እስከ ጥግ ብሰጠውም በደቂቃ ከ4,700 ዙር አላልፍ አለ፤ መመሪያው ከ5,000 በላይ ይላል። ጀልባው አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ውኃውን ያርሳል። ሻጩን ረገምሁ። ሞተሩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ዘንበል አደረግሁት። ወይ ፍንክች!

ማታ ልጅነቴ ትዝ አለኝ፤ ወደ ደባርቅ የሚወጡ የጭነት መኪኖች በየጠመዝማዛው ሲያቃስቱ። «ዳገቱ ብቻ አይደለም፣ አየሩም ነው» ይሉ ነበር ሾፌሮቹ። ጣና ለጥ ያለ ስለ ሆነ ከፍታውን ረስቼው ኖሯል! ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ስስ አየር ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ፕሮፔለሩ ግን ለቆላ ባሕር የተመረጠ ነው። በአንድ ዙር 13 ኢንች የሚገፋውን አውጥቼ ባለ 11ዱን አስገባሁ።

ዙሩ 5,100 ደረሰ፤ አፍንጫው ወረደ። አማቼ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ «ኧረ ቀስ በል!» አለኝ።