ከመጠጥ መራቅ በተዘጋ ቤት ውስጥ

የኮቪድ 19 ወረርሽኝን ለመግታት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ነዋሪዎቻቸው ከቤት እንዳይወጡ ሲያዝዙ፣ ከመጠጥ ለመራቅ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤትና በሰፈር አዳራሽ ይሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች መሰብሰቢያቸውን በቀናት ውስጥ አጡ፤ የመጠጥ መደብሮች ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች አስፈላጊ አገልግሎት ተብለው ክፍት ሆነው ቆዩ። መራራቅ ከቫይረሱ የሚጠብቅ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ከሱስ ለሚያገግም ሰው የሌላ ሰው መኖር ከመጽናኛነት አልፎ የሕክምናው ዋና ክፍል በመሆኑ፣ ቤት የመቀመጥ ግዴታው መድኃኒት የመነጠቅ ያህል ነበር።

የሌላ ሰው መኖር የሕክምናው ክፍል ነው የሚለው እምነት የመጠጥ ሱሰኞች ሙሉ ስማቸውን ሳይገልጹ እርስ በርስ ከሚረዳዱበት ከአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር አጀማመር ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ የንግድ ጉዳዩ ከሽፎበት በሆቴል ብቻውን ሳለ የመጠጥ አምሮት ሲበረታበት፣ ወደ ሆቴሉ ቡና ቤት ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ ለቀሳውስት እየደወለ እንደ እርሱ ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው እንዲያገናኙት ጠየቀ፤ በዚህም ከቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ፣ ማኅበሩም ከሁለቱ ንግግር ተወለደ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዊልሰን ሌላውን ሰው አጥብቆ የፈለገው ራሱ እንዳይጠጣ መሆኑ ነው።

ማገርሸት፣ ማለትም ተትቶ የነበረውን መጠጥ እንደገና መጀመር፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚቀልለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ወሰን ይፈርሳል፣ ስጋትና እንቅልፍ ማጣት አምሮትን ይቀሰቅሳሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያገግመውን ሰው የፊት መለወጥ አይቶ «ምን ሆነሃል?» የሚለው ሰው አይኖርም። በአሜሪካ ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሞት በ2019 ከነበረበት 79 ሺህ ገደማ በ2020 ወደ 99 ሺህ ማሻቀቡ፣ መንሥኤው ብቸኝነት ብቻ ባይሆንም፣ የጉዳቱን ስፋት ያሳያል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ብቻውን ሆኖ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው፤ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜም ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው፣ አእምሮን የሚያስት ከባድ ቅዠት ሊከተል፣ ለሞትም ሊያደርስ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያሻዋል።

ስብሰባዎቹ በፍጥነት ወደ ዙምና ወደ ስልክ ተዛወሩ፤ ማኅበሩ ቀድሞውንም በመርከብ ላይ ለሚሠሩና ተነጥለው ለሚኖሩ አባላት በደብዳቤ የመረዳዳት ልማድ ስለነበረው ርቀት ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ይሁንና ከሚጠጣ የትዳር ጓደኛ ጋር በአንዲት ክፍል የሚኖር ሰው በስክሪን ፊት ምሥጢሩን ማውጣት ይቸግረዋል፤ አዲስ የመጣ ሰውም ስብሰባው እንዳበቃ ምስሉ ስለሚጠፋ፣ ወደ ኋላ ቀርቶ ስልክ ቁጥሩን የሚሰጠው አያገኝም። በአንጻሩ መንቀሳቀስ ለሚሳናቸው፣ ልጅ ጥለው መውጣት ለማይችሉና አቅራቢያቸው ስብሰባ ለሌላቸው ሰዎች የተከፈተው ዕድል ሰፊ ስለነበር፣ ብዙ ቡድኖች አዳራሾች ከተከፈቱ በኋላም የዙም ስብሰባቸውን አላቋረጡም።