በቪክቶርያ የወርቅ አገር እውነተኛውን ድምፅ ከሐሰተኛው ስለ መለየት

በአውስትራልያ፥ በቪክቶርያ ግዛት፥ ከሜልበርን ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሔድ መንገደኛ ባላራትን ካለፈ በኋላ ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ያያል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው ከዚሁ ክፍለ ዓለም ነውና እኛም ደኖሊ በደረስን ጊዜ ሽታው ከእንጦጦ ግርጌ የቆምን አስመሰለን።

ደኖሊ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዝናዋ ግን ትልቅ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓመት በዚህ ግዛት ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ሕዝብ ከየአገሩ ጐረፈ። በ1869 ዓመት በፌብሩዋሪ 5 ቀን ከደኖሊ አጠገብ በሞልያጉል ሁለት ሰዎች ከምድር በታች ሦስት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ጥልቀት ከ70 ኪሎ በላይ ንጹሕ ወርቅ የወጣበትን አንድ ጓል አገኙ። በከተማው የነበረው ሚዛን አልችል ስላለው በብረት ሠሪ ቤት ተቈራርጦ ተመዘነ።

በዛሬው ዘመን ፈላጊው ከአካፋው ጋራ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይይዛል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ሳሕን ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲመላለስ የማግኔት ኃይል ወደ ምድር ይወርዳል። ይህ ኃይል ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ እርሱም ተመልሶ ለሳሕኑ ሲሰማ በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ይሆናል። እንግዲህ መሣሪያው «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ «ወርቅ ነው» አይልም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ የድሮዎቹ ወርቅ ቈፋሪዎች ምስማራቸውን፥ ቆርቆሯቸውንና የጥይት እርሳሳቸውን በየሜዳው ትተው ሔደዋልና። አፈሩም ራሱ ብረት የበዛበት ስለ ሆነ ባዶውን ይጮኻል።

መንገድ ያሳዩን አንድ ሽማግሌ ሥራቸውን የጀመሩት ከራሳቸው ነው። ስልካቸውን አጠፉ፤ አካፋውን ራቅ አድርገው አኖሩ። ከዚያም ሳሕኑን ንጹሕ በሆነ መሬት ላይ ደጋግመው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ እስኪስተካከል ድረስ መሣሪያውን ከአፈሩ ጋራ አስማሙት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በተዘረጋበት አጠገብ ሲንጫጫባቸውም የመስማት ኃይሉን ቀነሱለት። ብዙ ሰው ኃይሉን አብዝቶ ሲያበቃ መሣሪያውን ውሸታም ይለዋል።

ጥቂት እንደ ሔድን ጥሩ ድምፅ ተሰማ። ሳሕኑን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ወዲያው ጠፋ፤ የአገሩ ሰዎች ትኩስ ድንጋይ የሚሉት፥ እሳት ያልነካው ነገር ግን ብረት የተቀላቀለበት ድንጋይ ነበር። ቀጥሎም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያልፉበት የሚጮኽ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፉበት ግን የሚቈራረጥ ድምፅ አገኙ። ይህ የዛገ ምስማር ጠባይ ነው አሉን፤ ቢቈፍሩትም ምስማር ወጣ። በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ ለኖርን ለእኛ ይህ አዲስ አልሆነብንም፤ ጥያቄው ከሌላ ወገን ሲመጣበት ቃሉ የሚለወጥ ምስክር ስንቱን አይተናል።

መሣሪያውን በሐሰት መውቀስ ግን የቈየ ነገር ነው። በ1881 ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጁላይ 2 ቀን በጥይት ተመቱ፤ ጥይቱም በሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። የስልክ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንዲህ ያለ መፈለጊያ ሠርቶ አስቀድሞ በሰውነታቸው ጥይት በቀረባቸው ወታደሮች ላይ ሞከረው፤ ሠራለትም። በፕሬዚዳንቱ ላይ ባኖረው ጊዜ ግን ድምፁ ተበታትኖ ከሰፊ ስፍራ ተሰማ። ኋላ ሲመረመር በአልጋው ፍራሽ ውስጥ የብረት ሽቦ ነበረ። ከዚህም ሌላ ሐኪሙ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስላመነ በዚያው ወገን ብቻ አስፈለገ፤ ጥይቱ ግን በግራ ነበር። ፕሬዚዳንቱም ቍስላቸው መርዞ በሴፕቴምበር 19 ቀን ሞቱ። ብረቱን ከአልጋው የሚያነሣ፥ ግራውንም ወገን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ሐሰተኛውን ድምፅ ፈርቶ ሁሉን መተውም ሌላ ጕዳት ነው። የብረትን ድምፅ ዝም የሚያሰኝ ቍልፍ ከመሣሪያው ላይ አለ፤ ሽማግሌው ግን አይነኩትም፤ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ትንሹን ወርቅ ከብረት ጋራ ቈጥሮ ያስቀረዋልና። ድምፁ እጅግ ሲበረታም ብዙ ሰው ቆርቆሮ ነው ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በ1980 ዓመት ከዚህ ብዙ በማይርቀው በኪንጋወር አንድ ሰው በመሣሪያው ከምድር በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቈፍሮ 27 ኪሎ የሚመዝን ወርቅ አውጥቷል።

በግዛቱ ሕግ ወርቅ ፈላጊ ለ10 ዓመት የሚጸና ፈቃድ ያወጣል፤ የቈፈረውንም መልሶ መድፈን ግዴታው ነው። ሽማግሌው ምስማር የወጣባቸውን ጕድጓዶች ሁሉ በእግራቸው እየረገጡ ደፈኑ፤ ምስማሮቹንም ነገ ለሌላ ሰው እንዳይጮኹ በወገባቸው ከረጢት ከተቱ።