ዳሞታ በአንድ፣ ዝንብ በአርባ

ዳሞታን ፎቶግራፍ ለማንሳት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ክረምቱ አልፎ ጉሙ ሲገፈፍ ከሶዶ ከተማ ሆኖ ካሜራውን ወደ ተራራው ያነጣጠረ ሰው፣ ከግርጌው እርሻ እስከ አናቱ ድረስ ያለው ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ጥርት ብሎ ይገባለታል። ከዚያው ተራራ ሥር፣ በእናቴ ጓሮ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ያረፈችውን አንዲት ዝንብ ሙሉ በሙሉ ለማሳየት ግን አርባ ፎቶ ያስፈልገኛል። ትልቁ በአንድ፣ ትንሿ በአርባ!

ምክንያቱ ቅርበት ነው። ቀርቦ ማየት አብልጦ ማየት ይመስለናል፤ ሌንስ ግን ወደ ነገሩ በቀረበ ቁጥር ጥርት አድርጎ የሚይዘው ውፍረት እየሳሳ ይሄዳል። ዝንቧ በካሜራው ውስጥ በእውነተኛ መጠኗ ልክ ስትቀረጽ፣ ጥርት የሚለው ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ጉም ይሆናል፤ ክንፏ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። የሌንሱን ቀዳዳ እጅግ ቢያጠቡት ጥራቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ ነገር ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይደበዝዛል።

መላው ፎከስ ስታኪንግ ይባላል። ካሜራው በትራይፖድ ላይ እንደቆመ፣ ከግንባሯ ጀምሮ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እየገፉ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ አንዱ ፎቶ ካቆመበት ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላው እንዲጀምር፣ በመካከል ክፍተት እንዳይኖር። ከዚያም ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ የጠራውን ይለቅማል፤ ብዥ ያለውን ይተዋል፤ አንድ ምስል ያወጣል። እንግሊዛዊው ሌቨን ቢስ በ2016 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሳያቸው የነፍሳት ምስሎች እያንዳንዳቸው 8,000 ገደማ ፎቶዎች የተደራረቡባቸው ነበሩ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚነሳው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ነው። የሙዚየሙ ነፍሳት አይንቀሳቀሱም፤ ከሞቱ ቆይተዋል። እኔም ጥበቡን መማር ስጀምር የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነበር፦ ያዛት፣ ግደላት፣ በመርፌ አቁማት፣ ከዚያ እንደ ልብህ አንሳት። ለሳይንስ የሚሰበስቡትን አልነቅፍም፤ ዝርያን ከዝርያ የምንለየው በእነርሱ ድካም ነው። እናቴ ግን ነገሩን ስነግራት፣ «ለአንድ ሥዕል ብለህ ነፍስ ልታጠፋ ነው?» አለችኝ። አማርኛ እነዚህን ፍጥረታት «ነፍሳት» ማለቱን ያን ጊዜ እንደ አዲስ ሰማሁት።

ስለዚህ ንጋትን መረጥሁ። ነፍሳት ሙቀታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከፀሐይ ነው፤ የሶዶ ሌሊት ደግሞ ብርድ አለው። ጎህ ሲቀድ ዝንቧ ጤዛ ለብሳ፣ ደንዝዛ፣ ቅጠሏ ላይ ትገኛለች። ያለኝ ጊዜ ፀሐይዋ ቅጠሉን እስክትነካ ድረስ ነው። የእንሰት ቅጠል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ እንኳ ያወዛውዘዋል። ፀሐይዋ ስትደርስ ዝንቧ የፊት እግሯን ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ በተደራረበው ምስል ላይም እግሯ ሁለት፣ ሦስት ሆኖ እንደ ጥላ ይታያል። ብዙ ማለዳ ሙሉ ምስል ሳልይዝ ተመልሻለሁ።

አንድ ቀን ሃያ ስድስተኛው ላይ በረረች። ያሉኝን ብቻ ደረብሁ። ከፊቷ እስከ ወገቧ እያንዳንዷ ፀጉር ትቆጠራለች፤ ከዚያ በኋላ ጉም ነው። ወዳጆቼ «ጎዶሎ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው፤ ጉሙ የሚጀምረው መብረሯ ከጀመረበት ነውና።

ይህን ምስል ሳይ የአባቴ ቀብር ትዝ ይለኛል። የሕይወት ታሪኩን ለማዘጋጀት ልጅነቱን ከታናሽ ወንድሙ፣ ሥራውን ከባልደረቦቹ፣ ደግነቱን ከጎረቤት፣ ዝምታውን ከእናቴ ለቀምን። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሚሊሜትር ነበር። ደራርበን አንድ ገጽ አደረግነው፤ ሲነበብም አባቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ታየ። በሕይወት ሳለ እንዲያ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን አይንቀሳቀስም ነበር።

እናቴን ግን አሁንም በቁራጭ ነው የማውቃት። አንዱን ጎኗን ተረዳሁ ስል ሌላው ይሰወርብኛል፤ ትናንት የገባኝን ዛሬ በአንድ ቃል ታፈርሰዋለች። የጎደለኝን ፎቶ ለማግኘት አልቸኩልም። ብዙ ዘመን ብዥ ትበልብኝ።